ባለ ሁለት ቁጥሩ ሳጥን

ቢንያም የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉንጩን ክንዱ ላይ አስደግፎ ነው። ፊቱ ቀላ ብሏል፤ ላየው ሰው ሥራ አድክሞት ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም። እግሩ ሥር ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ለብሷል። የመስኮቱ ስንጥቅ የእንጦጦን ብርድ እንዳያስገባ በአሮጌ ጨርቅ ተወትፏል። ግድግዳው ተበስቶ የተገጠመው አየር ማስወጫ ፋን ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ ነቅቶ ያደረው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር የማርያምወርቅ ስልኳ ሲጮህ የካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ከኮንዶሚኒየሟ ስትወጣ «ደህና ዋይ» የሚላት፣ ስትመለስ «ደህና ዋልሽ» የሚላት ሰው የለም። ስለዚህ የሌላውን ብቸኛ ሰው ቤት ማንበብ አይቸግራትም። እዚህ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ፣ ማንም ያልተደገፈው አንድ ትርፍ ወንበር አየች።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው» አላት ሳጅን ከበበ ወፍራም ጣቱን ወደ ስክሪኑ እየቀሰረ። «ፋኑን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው አሉ። ይኸውልሽ፣ መቆጣጠሪያውን ጎትቶ ዜሮ ላይ አስቀምጦታል። መስኮቱን ወትፏል፣ ከሰሉን አቀጣጥሏል፣ ተኝቷል። የሥራ ባልደረባው ፊልሞናም በስልክ ሳናግረው "ሰሞኑን በቃኝ፣ ሰለቸኝ ይለኝ ነበር" ብሏል። ራሱን ነው ያጠፋው።»

ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን ነበረች። በውስጧ «ተንሸራታች 0 100» ተጽፏል። ከሥሯ እንደ ቴርሞሜትር የቆመ ዘንግ ይታያል፤ ጠቋሚው ታች ወርዶ ተጋድሟል።

የማርያምወርቅ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። የፋኑ መሰኪያ ሟቹ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ቦታ ላይ ነው።

«ከበበ፣ አንተ ፋን አቁመህ መሞት ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ?»

«እኔማ ልጆች አሉኝ፣ ምን ሲደረግ!»

«ብትፈልግ ነው ያልኩህ።»

«መሰኪያውን እነቅላለኋ።»

«እሱም እንዳንተ እጅ ነበረው» አለችና ሳጥኗ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ገለበጠችው።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ወለተማርያም በዚያው ግቢ ታችኛው ቤት ይኖራሉ። ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለቅሶ ደራሽ የለም፤ ድንኳን አልተተከለም። ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ መንደሩን ዞሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እጁን አጣጥፎ የፖሊስን ቃል ይጠብቃል። ሰው ሲሞት ሮጦ የሚመጣው መንደር፣ ራሱን ገደለ ሲባል ምን ቸኮለኝ ይላል።

«የንስሐ አባቴ መጥተው ነበር» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። «ነገ ከሆስፒታል ሲመለስ እንጦጦ ማርያም ከአባቱ ጎን ላሳርፈው ነበር ሐሳቤ። "እትዬ፣ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ፍትሐት የለም፤ ፖሊስ የሚለውን እንስማ" አሉኝ። ልጄ፣ አንቺ ነሽ ፖሊሷ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው በእውነት ተናገሪ። እኔን ለማስደሰት አይደለም። ነገር ግን በእውነት ተናገሪ።»

«ትናንት ማን መጥቶ ነበር?»

«የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ። ሦስት ናቸው። ሴቲቱ፣ ባሮክ የሚሉት ቀጭኑና ፊልሞና። ሲጨቃጨቁ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እሱ ከሰል ሊያቀጣጥል ወደ ውጭ ሲወጣ እነሱ በየተራ እዚያ ኮምፒውተሩን ሲነካኩ በመስኮት አያለሁ። ሊመሽ ሲል ሄዱ።»

«ከሰሉን አይፈሩም ነበር?»

«እንዴት አልፈራም! ለዚህ አይደል ፋኑን ያስገጠምኩት። "ብትረሳውስ፣ ብታጠፋውስ?" ብዬ ስነዘንዘው አንድ ቀን ጠርቶ አሳየኝ። ያንን ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር እስከ ታች ድረስ ጎተተው፤ ፋኑ ቀስ አለ እንጂ አልቆመም። "አየሽ እማዬ፣ እኔ ራሴ ብፈልግ እንኳ አይቆምም" አለኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ራሱ ተነስቶ ይሠራል።»

የማርያምወርቅ መዳፏን ጨበጠች። «ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ወትሮ አመሻሹ ላይ ነው የሚጠፋ። ለጎረቤት አገር መብራት እንሸጣለን ይላሉ በቴሌቪዥን፤ እኛ ጧፍ እንገዛለን። ትናንት ግን ከተኛሁ በኋላ ነው ብልጭ ብሎ ሄዶ የመጣው። ልጄም ተኝቶ ነበር መሰለኝ፤ ወትሮ ሲጠፋ ወጥቶ "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" ይለኛል።»

መሥሪያ ቤቱ መገናኛ አካባቢ፣ ሊፍቱ ከማይሠራ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚሠሩት ሶፍትዌር «ጥልፍ» ይባላል። ጥልፍ ፕሮግራም መጻፍ ለማያውቅ ሰው የታሰበ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ይቀመጣል፣ ሳጥኑ ከሌላ ሳጥን ጋር በክር ይያያዛል፣ ክሩ እንደተያያዘ ሥራው ይሠራል። የጸሎት አዳራሾች ድምፅ ያስተካክሉበታል፤ ትምህርት ቤቶች ሊገዙት ተስማምተዋል።

ርሆቦት ዓይኗ አብጦ ተቀበለቻት። ሳጥኖቹን ከቢንያም ጋር የጻፈችው እሷ ናት።

«በምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?»

«በቁጥር። ሞኝነት ይመስልዎታል። አንድ ተንሸራታች ስክሪን ላይ ለመፍጠር ስሙን ጽፈው ከኋላው አሥራ ስምንት ቁጥር መደርደር አለብዎት። መጀመሪያ ወርድ፣ ከዚያ ቁመት፣ ከዚያ ዝቅተኛው ልክ፣ ከፍተኛው ልክ፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን… አንዷን ከተሳሳቱ ይበላሻል። ለአስተማሪ፣ ለዘማሪ ብለን ሠርተን፣ በሩ ላይ አሥራ ስምንት ቁልፍ ሰቀልንበት! እኔ ያልኩት፣ ሰውየው ሁለት ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን። የቀረውን ጥልፍ ራሱ ይሙላ። እሱ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ትናንት እንኳ "በሕይወት እያለሁ አይገባም!" ብሎ ጮኸብኝ።» ያበጠ ዓይኗን ጠረገች። «አብሮ የሚበላ ሰው እንኳ አልነበረውም እኮ። እኔ ደግሞ ደህና እደር ሳልለው ነው የወረድኩት።»

«ያንቺ ሐሳብ ቢገባ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ተንሸራታቹ ከየት ይጀምር ነበር?»

«ከነበረበት። እሱ ላይ ድርድር የለኝም፤ ሰው ያስቀመጠውን ቦታ ማስታወስ አለበት። አሥር ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

የማርያምወርቅ መዳፏን ዘረጋችላት። «ይሄ ምን ይላል?»

ርሆቦት አየችው። «የተበላሸ ሳጥን ነው። ወርዱ ዜሮ፣ ቁመቱ መቶ። ወርድ የሌለው ነገር ደግሞ አይታይም። ማነው የጻፈው?»

«እስቲ እዚህ ማሽን ላይ ጻፊው።»

ጻፈችው። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ቀረ። የማርያምወርቅ ባዶውን ስክሪን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ቢንያም ቤት ያ ጽሑፍ ባዶ አልነበረም።

ባሮክን ደረጃው ላይ ሲያጨስ አገኘችው። የጥልፍን መልክና ቀለም የሚነድፈው እሱ ነው።

«ከቢንያም ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ከቢንያም ጋር የሚስማማ ሰው አምጡልኝና እኔም ልወቀው። የሦስት ወር ቀለሜን "የሠርግ አዳራሽ አስመሰልከው" ብሎ ደመሰሰብኝ። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልለቅ ነበር። ግን ሰው በቀለም አይገደልም፣ ኢንስፔክተር።»

«ሰው በምን እንደሚገደል ብነግርህ ትስቃለህ። ይሄን አንብብልኝ።»

«ወርድ ዜሮ?» አለ መዳፏን አይቶ። «የጀማሪ ስህተት ነው። ፊልሞና ጋ ኮርስ ይግቡ፤ ያስተካክልዎታል።»

ፊልሞና የሥልጠና ክፍሉ ውስጥ ነበር። ጥልፍን ለደንበኞች የሚያስተምረው፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው እሱ ነው። አሥራ ስምንቱን ቁጥሮች ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ሲወርዳቸው ሠልጣኞች ያጨበጭቡለታል ይባላል። የዚህ ዓይነት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ሌላው የሚደናቀፍበትን ድንጋይ መድረክ አድርጎ የቆመበት፣ ድንጋዩን ላንሳ የሚለውን ሁሉ ጠላት የሚያደርግ። ለየማርያምወርቅ ወንበር ሳበላት፤ ድምፁ ለስላሳ ነው።

«ወንድሜ ነበር፣ እህቴ። ማታ ማታ የሚደውለው ለእኔ ብቻ ነው። ሰው አልነበረውማ። "በቃኝ" ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ…»

«አጭሩን አጻጻፍ እስከ መጨረሻው አልተቀበለም?»

«በፍጹም! ትናንት በሦስታችን ፊት ምን እንዳለ ሰምተሻል መቼም።»

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለች የማርያምወርቅ መዳፏን እያሳየች። «አንተ አስተማሪ ነህ፤ እስቲ አስተምረኝ። ይሄ ምን ማለት ነው?»

የፊልሞና ፊት በራ። ጥያቄ ሲሰማ አፉን መያዝ የማይችል አስተማሪ ነበር። «ቀላል ነው። ከዜሮ እስከ መቶ የሚሄድ ተንሸራታች ነው። ዝቅተኛው ዜሮ፣ ከፍተኛው መቶ። የዚህ ዓይነቱ ችግሩ አያስታውስም፤ በተከፈተ ቁጥር ከታች ነው የሚነሳው። ማጠር ደስ ይላል፣ ግን ዋጋ አለው። ርሆቦት ይሄ አይገባትም።»

«አመሰግናለሁ» አለች የማርያምወርቅ። «ጥሩ አስተማሪ ነህ።»

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑ ከሆስፒታል ከመመለሱ በፊት ሁሉንም ቢንያም ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። ርሆቦትና ባሮክ ግድግዳ ተደገፉ፤ ፊልሞና የቢንያምን ትርፍ ወንበር ያዘ። ከበበ በሩን ዘጋ።

«አባቴ፣ እርስዎን የጠራሁት ፍርዱ የእርስዎ ስለሆነ ነው» አለች የማርያምወርቅ። «እኔ የሆነውን እናገራለሁ። ርሆቦት፣ ትናንት መሥሪያ ቤት የጻፍሽውን እዚህ ማሽን ላይ ጻፊው።»

ርሆቦት ጻፈችው። ተንሸራታች ብቅ አለ፤ ከነወርዱ፣ ከነቁመቱ። ልጅቷ እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሳች።

«ይሄ… ይሄ የኔ ነው። አጭሩ ነው። ሠርቶልኝ ነበር?»

«ሠርቶልሽ ነበር። ገና አልጨረሰውም እንጂ። ማስታወስ አላስተማረውም፤ ለዚህ ይመስለኛል ዝም ያለው። ግትር ሰው ሽንፈቱን እንኳ ጨርሶ፣ አሳምሮ ነው የሚያቀርበው።»

ርሆቦት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አሁን አንድ በአንድ እንሂድ» አለች የማርያምወርቅ። «ቢንያም ፋኑን እንዳይቆም አድርጎ ነበር ያበጀው። ዝቅተኛውን ልክ ከዜሮ በላይ አድርጎታል፤ እናቱ ፊት እስከ ታች ጎትቶ አሳይቷል። ስለዚህ "ጎትቶ አቆመው" የሚባለው ነገር ውሸት ነው፤ ቢጎትተውም አይቆምም ነበር። ሳጥኑ ተለውጧል። ራሱ ለመሞት ለውጦት ይሆን? መሰኪያው ይኸው፣ በእጁ ሥር። ሞት የፈለገ ሰው መሰኪያ ይነቅላል እንጂ ተቀምጦ ሶፍትዌር አያሻሽልም።»

«እና ማን ለወጠው?» አለ ባሮክ።

«ከሦስታችሁ አንዱ፤ እሱ ውጭ ከሰል ሲያቀጣጥል። ያን ጊዜ የተከፈተውን አልነካም፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚከፍተውን ፋይል ነው የለወጠው። ስለዚህ ፋኑ ያን ሰዓት መሥራቱን ቀጠለ። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ግን ማሽኑ አዲሱን ሳጥን ከፈተ፤ ዝቅተኛው ዜሮ፣ መነሻውም ዜሮ። ፋኑ አልተነሳም። ቢንያም ተኝቶ ነበር።»

ወይዘሮ ወለተማርያም የነጠላቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ ሳቡት።

«ሁሉም ሰው ርሆቦት ናት ሊል ይችላል፤ አጭሩ አጻጻፍ የእሷ ነውና። ዘዴውም የተመረጠው ለዚህ ነው። እኔ ግን ለሦስታችሁም ያንኑ ጽሑፍ አሳየኋችሁ። ርሆቦት "ወርድ ዜሮ፣ ቁመት መቶ" አለች። ባሮክም እንደዚያው። በምታውቁት ጥልፍ ትርጉሙ ያ ነውና። ፊልሞና ግን "ከዜሮ እስከ መቶ" አለኝ።»

ፊልሞና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ርሆቦት ስትለፈልፍ ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። ገመትኩ። እሷ ደግሞ ብትዋሽሽስ?»

«ልትዋሽ ትችላለች። ስለዚህ እሷ አላውቅም ባለችው ላይ አልቆምኩም፤ አንተ አውቃለሁ ባልከው ላይ ነው። "አያስታውስም፣ ከታች ነው የሚነሳው" አልከኝ። ይሄ የርሆቦት ሐሳብ አይደለም። እሷ ዓመት ሙሉ የለፈለፈችው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከታች የሚነሳው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ይሄ፣ ቢንያም ጀምሮ ያልጨረሰው። ይሄንን ያየው ወይም የሰማው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ማታ ማታ የሚደውለው ደግሞ ለማን ነበር? አንተው ነገርከኝ።»

«ራሱ ሲሞክር ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«እናቱን ለማሳረፍ ፋኑ እንዳይቆም ያደረገ ልጅ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ ዜሮ አይጽፍም። እሺ፣ ተሳሳተ እንበል። ለምን "እስከ መጨረሻው አልተቀበለም" ብለህ ዋሸኸኝ? ለምን "በቃኝ ብሎኛል" አልክ?»

 ፊልሞና ወለሉን ያይ ነበር። ሲናገር ያ ለስላሳ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ይነቃል ብዬ ነው። መብራት ሁልጊዜ የሚጠፋው አመሻሹ ላይ ነው፤ ነቅቶ እያለ። ፋኑ እንዳልተነሳ ያያል፣ ይደነግጣል፣ "ይሄ አጭር ነገር ሊገድለኝ ነበር" ብሎ ይጥለዋል ብዬ ነው። ደውሎ "ፊልሞና፣ ልጅቷ ልክ ናት፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው በአንድ ቀን ይማረዋል" አለኝ። ደስ ብሎት ይስቅ ነበር። በአንድ ቀን! እኔስ? እኔ ከዚያ በኋላ ምን ነኝ? እንዲሞት አልፈለግኩም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ማታውን ያውቃል» አለች የማርያምወርቅ። «ጠዋቱን ግን እኔም አውቀዋለሁ። ማታ አላወቅክም እንበል፤ ጠዋት ሞቱን ሰምተህ፣ ረጋ ብለህ፣ ራሱን አጥፊ አደረግከው። ስለ ራሱ መናገር በማይችል ሰው ላይ! እኚህን እናት መንደር እንዲሸሻቸው፣ ልጃቸው እንደ ውሻ ያለ ጸሎት እንዲቀበር ፈረድክ። ይሄም ይነቃል ብለህ ነው?»

ፊልሞና ወደ ወይዘሮ ወለተማርያም ቀና ብሎ «እማማ…» ሲል እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ቤቴ ስትመጣ ልጄ እያልኩህ አብልቼሃለሁ» አሉት። «ከዚህ በላይ የምልህ የለኝም።»

ከበበ ክንዱን ይዞ አወጣው።

የንስሐ አባት ወደ አልጋው ጠጋ ብለው መስቀላቸውን አሳለሟቸው። «እትዬ ወለተማርያም፣ ልጅዎ በራሱ ላይ እጁን አላነሳም። ፍትሐቱ ዛሬ ከሰዓት ይደረጋል። እኔ ራሴ እቆማለሁ። ትናንት በጥርጣሬ ላሳደርኩዎት እግዚአብሔር ይፍታኝ።»

ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ማርያም ጉም ወርዶ ነበር። ድንኳን ባይተከልም መንደሩ ሁሉ መጣ፤ ትናንት እጁን አጣጥፎ የነበረው ሁሉ ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቆ ዳገቱን ወጣ። የማርያምወርቅ እነዚያን ፊቶች እያየች ጥርሷን ነከሰች፤ ከዚያ ግን ተወችው። ርሆቦት ከሌላ እምነት ብትሆንም ከሴቶቹ ኋላ ራሷን ተከናንባ ቆማ ነበር። ባሮክ ከቀባሪዎቹ ጋር አካፋ ይዟል።

ቄሶቹ ጸሎቱን ሲጀምሩ የማርያምወርቅ ሥራዋ ማለቁን አውቃ ከአጥሩ በር አጠገብ ነበረች። ወደ ታች የሚወርድ ታክሲ ከአሁን በኋላ እንደማይገኝ እያሰበች ልትሄድ ስትል፣ ወይዘሮ ወለተማርያም ከመቃብሩ አፍ ላይ ዘወር ብለው በሰዉ መካከል ዓይናቸውን አንከራተቱ። የሟች ዘመድ በሚቆምበት በኩል እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ፖሊሷ!» ሲሉ ሰዉ ዞረ። «ነይ ወዲህ፣ ልጄ። በዚህ በኩል የሚቆምልኝ ሰው የለኝም። ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩሽም።»

«የማርያምወርቅ ነኝ» አለች፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሄዳ ከጎናቸው ቆመች፤ አሮጊቷ ክንዷን አጥብቀው ይዘው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ።